በጥቁር ብረት ላይ ጥቂት ቀይ

ቀለም የሚለው ቃል በአማርኛ አንድ ሲሆን ሥራው ብዙ ነው። ጸሓፊ ብርዑን የሚነክርበት ቀለም ይባላል፤ ሠዓሊ በሸራና በግድግዳ የሚቀባው ቀለም ይባላል፤ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የሚቀበለው ትምህርትም ቀለም ይባላል። ቀለም ቈጠረ ማለት ተማረ ማለት ነው፤ በትምህርቱ የጠለቀውም ሰው የቀለም ቀንድ ይባላል፤ ጸሓፊ ቀለሙን የሚያኖረው በቀንድ ነበርና። ቃሉ እንዲህ የተባበረ ከሆነ፥ ቀለም መምረጥ የዓይን ሥራ ብቻ ሳይሆን የልብም ሥራ እንደ ሆነ አስተዋይ ሰው ይረዳል። ይህም ነገር በታላቁ ሥራ ብቻ ሳይሆን የልጅ በሚመስል ጨዋታ እንኳ ይገለጣል።

ትንንሽ የወታደር ምስሎችን በገበታ ላይ አሰልፎ መዋጋት በአውሮፓ የቈየ ጨዋታ ነው። በ1824 እ.ኤ.አ. በፕሩስያ የጦር መኰንኖች ሠራዊት ማዘዝን የሚለማመዱበት የካርታ ጨዋታ ታተመ። በ1913 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በቤት ውስጥ ለሚደረገው ጨዋታ ሕግ የሚሆን መጽሐፍ አወጣ፤ በዚህ በትንሹ ጦርነት የሚቈስልም የሚሞትም የለምና ከታላቁ ይሻላል ብሎ አስረዳ። በማግሥቱ ዓመት ግን የዓለም ጦርነት ተነሣ። በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዋርሀመር የተባለው ጨዋታ ወጣ፤ አሁን ማዕከሉን በኖቲንግሃም ከተማ ባደረገው ድርጅት እየተሠራ በብዙ አገር ተሠራጭቷል። የምስሎቹ ቁመት ብዙውን ጊዜ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከፕላስቲክ ወይም ከብረት ተሠርተው ሳይቀቡ ይሸጣሉ፤ ቀለሙን የሚመርጠውም የሚቀባውም ባለቤቱ ነው። የጨዋታው ግማሽ ደስታ በዚህ ላይ ነው።

ለሠራዊቱ ከሚመረጡት መልኮች አንዱ ጥቁር ብረት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ምስሉ በሙሉ ጥቁር ይቀባል። ቀጥሎ ብሩሹ ብረት በሚመስል ቀለም ይነከርና በጨርቅ ይጠረጋል፤ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረውም ምስሉን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጉበታል። ያን ጊዜ ቀለሙ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይይዛል፤ ጎድጓዳው ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል። በመጨረሻም ውኃ የበዛበት ጥቁር ቀለም በየስንጥቁ ይፈስሳል። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ሠራዊት አሁን ከአንጥረኛ መዶሻ ሥር የወጣ ይመስላል።

ችግሩም ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ሠላሳ ወታደር በገበታ ላይ ሲሰለፍ፥ ሁለት ክንድ ርቆ ለሚያይ ሰው የብረት ክምር እንጂ ሠራዊት አይመስልም፤ ራስ ከትከሻ፥ አለቃ ከጭፍራ አይለይም። ስለዚህ ጥቂት ብሩህ ቀለም ያስፈልገዋል፤ በቀለበት ላይ ፈርጥ እንደሚያስፈልግ ማለት ነው። ይህም ቀለም ፈርጥ ቢባል ይገባዋል።

ፈርጡ ምን ይሁን? ለሚለው ጥያቄ የሚረዳ አንድ ታሪክ አለ። ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ በፓሪስ በጎብለን የምንጣፍ ሥራ ቤት የማቅለሚያው ክፍል አለቃ በነበረበት ዘመን፥ ጥቁሩ ክር ፈዘዘ የሚል አቤቱታ መጣበት። መርምሮ ባየው ጊዜ ጥቁሩ ደኅና ነበር፤ ያፈዘዘው በአጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ቀለም ሁሉ በጎረቤቱ ምክንያት ለዓይን እንደሚለወጥ አስረዳ። ቀለምም እንደ ሰው ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ ሲታይ ነው።

በዚህ ሕግ ሲመዘን፥ ጥቁር ሰማያዊ ለብረት የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ገብቶበት ይጠፋል። ቀይና ብርቱካን ግን ሙቀት ስላላቸው ከቀዝቃዛው ብረት ተለይተው ወደ ፊት ይወጣሉ። ነሐስና ወርቅ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱም የብረት ወገን ናቸውና ሲበዙ ሠራዊቱን የገበያ ዕቃ ያስመስሉታል። አረንጓዴ በመዳብ ላይ ጥቂት ጠብ ሲል የዝገት መልክ ይሰጣል፤ ሠራዊቱም የጥንት ይመስላል። አጥንት የመሰለ ነጭ ከሁሉ ይልቅ ከሩቅ ይታያል፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ ማነስ የሚገባው እርሱ ነው። ምርጫው ደግሞ በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ይሁን፤ የሌሊቱ ቢጫ አምፖል ሰማያዊውን ያደክመዋልና፥ በሌሊት ያማረው በማለዳ ሊያስቈጭ ይችላል።

የቦሌን መንገድ በምሽት የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ሳይማር ያውቀዋል። በጥቁር መስታወት ከተለበጡት ፎቆች በአንዱ ላይ አንድ ቀይ ሰሌዳ ብቻ ቢኖር ከሩቅ ይነበባል፤ ዐሥር ዓይነት መብራት በተሰቀለበት ፎቅ ላይ ግን አንዱም አይነበብም። ከዚያው በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል በክብረ በዓል ቀን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሲቆም፥ በወርቅ ዘቦ የተጌጠው ድባብ በመካከሉ ከፍ ይላል፤ ታቦቱ የት እንዳለም በሩቅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ድባቡ ያማረው ነጩ ሕዝብ ስለ በዛ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ደግሞ የጥቁሩን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት መልሰውታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፥ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ይሣላል። ነጩ ፈረስ በራሱ ያበራል፤ ጥቁሩ ግን ጥበብ ይጠይቃል። ሠዓሊው ፈረሱን ሌላ መልክ አያለብሰውም፤ ጥቁርነቱን ያከብርለትና ቀዩንና ቢጫውን ብዙ ጊዜ በልጓሙ፥ በኮርቻውና በደረቱ ጌጥ ላይ ያደርጋል። የተመልካች ዓይን ልጓሙን ይዞ ወደ ቅዱሱ እጅ፥ ከእጁ ወደ ጦሩ፥ ከጦሩም ወደ ወደቀው ወደ ዑልያኖስ ይደርሳል። ይህ ዑልያኖስ በ363 እ.ኤ.አ. በፋርስ ዘመቻ የሞተው የሮም ንጉሥ ነው። ሠዓሊውም በቀለም ብቻ አይታመንም፤ ቅዱሱን በሁለት ዓይን፥ ከሐዲውን በአንድ ዓይን ይሥላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋን ጦርነት የሣሉትም ይህንኑ ሥርዐት ይዘው የኢትዮጵያን ሠራዊት ፊት ለፊት፥ ጠላትን በአንድ ጎኑ አሳይተዋል።

በዚያ ዘመን የነበረው የጦር ልብስ ራሱ ትምህርት ነው። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከሌላ አውሬ ቆዳ የተሠራና ጠቆር ያለ ነበር፤ ጀግንነቱ ለተመሰከረለት ሰው ግን በብር ይለበጥለት ነበር። ስለዚህ ብሩ የሚያበራው ለጌጥ ያህል አልነበረም፤ ይህ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠራ ብሎ ይናገር ነበር። ኦሪት ዘኍልቍም እስራኤል በየነገዳቸው በዓርማቸው ሥር እንዲሰፍሩ መታዘዛቸውን ያስረዳል፤ ይሁዳ በምሥራቅ፥ ሮቤል በደቡብ፥ ኤፍሬም በምዕራብ፥ ዳን በሰሜን። ምልክት የተሰጠው እያንዳንዱ ሰው የማን እንደ ሆነና ወደ ማን እንደሚመለስ እንዲያውቅ ነው።

ይህ ነገር በአንድ ቤት ውስጥ በተግባር ታየ። በሰሚት በአንድ የጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ወጣት ከውጭ አገር የመጣ ዘመዱ በሻንጣው ይዞለት የገባውን ትንሽ ሠራዊት ይቀባ ጀመር። ጥቁር ብረት አደረገው፤ አሳመረውም። ፈርጥ ሲፈልግ ግን ቀዩን አንሥቶ በየሰይፉ ስለት ላይ ደም አስመስሎ ረጨው። እንዲህ ያለ ሥራ በዚህ ጨዋታ የተለመደ ነው። እናቱ ጠረጴዛውን ልታጸዳ ስትመጣ አየችና እጇ ቆመ። ወንድሟ በ2013 ዓ.ም. በተነሣው የሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ይመጣል ብላ ደጅ ደጁን ስታይ ሰነበተች፤ እርሱም አልመጣ፥ መርዶም አልደረሳት።

«ልጄ፥ ይህን ደም ማን ያጥበዋል?» አለችው።

«እማዬ፥ ጨዋታ እኮ ነው» አላት።

«ጨዋታ መሆኑንስ ዐውቃለሁ። ግን የማን ልጆች እንደ ሆኑ ሳትነግረኝ ደማቸውን አሳየኸኝ» ብላ ጨርቋን ይዛ ወጣች።

ወጣቱ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። በዚያ ቤት ከካህን አያቱ የተረፈ የብራና ዳዊት ነበረ። በማታ አንሥቶ ገለጠው። ገጹ በሙሉ ጥቁር ነው፤ የእግዚአብሔር ስም፥ የእመቤታችን ስም፥ የመዝሙሩም አርእስት ግን ቀይ ነው። ጸሓፊው ሁለት ቀንድ ነበረው፤ ጥቁሩን እየጻፈ ስም በደረሰ ጊዜ ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል፤ በኋላ ቀዩን ቀንድ ይዞ ይመለስና ስሙን ይሞላል። በአንድ ገጽ ላይ ቀዩ ሦስት ወይም አራት ቦታ ቢገኝ ነው፤ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ከመጨረሻዎቹ ቅጠሎች በአንዱ ላይ ጸሓፊው ሳይመለስበት የቀረ ባዶ ቦታ ነበር።

በማግሥቱ ወጣቱ የስለቱን ቀይ በብረቱ ቀለም መልሶ ሸፈነው። ቀዩን በሦስት ቦታ ብቻ አደረገው፤ በራስ ቍሩ ጫፍ፥ በጋሻው ዙሪያ፥ በቆመበትም መደብ ጠርዝ ላይ። ለአለቃው ቀይ ካባና ጥቂት ነሐስ ጨመረለት። ሠላሳውን ባሰለፈ ጊዜ ጥቁሩ ከቀድሞው ይልቅ ጠቆረ፤ እያንዳንዱም ራሱን ችሎ ታየ። የአንዱን ወታደር የጋሻ ዙሪያ ብቻ ሳይቀባ ተወው። እናቱ መጥታ ቈጠረቻቸው፤ ያልተቀባው ጋር ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት፤ ለምን ብላም አልጠየቀችም። «አሁን ሰው መሰሉ» አለች።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው። ለጥቁር ሠራዊት ፈርጥ የሚመርጥ ሰው ምን ያምራል ብሎ ከመጠየቁ በፊት ምን ሊታወቅ ይገባዋል ብሎ ይጠይቅ። አንድ ቀለም ይምረጥ፤ ሁለተኛ ቢያስፈልገው ለአለቃው ያቈየው። በሦስት ቦታ ያድርገው፤ ከሦስቱ አንዱ ወደ ፊቱ የቀረበ ይሁን፤ ዓይን ፊትን ይፈልጋልና። የቀረውን ለጥቁሩ ይተውለት፤ ጥቁሩ ሲበዛ ጥቂቱ ይከብራልና። በስለቱ ላይ ቀይ ከማድረጉም በፊት፥ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያየው ያስብ።

የቅኔ መምህራን ይህን በሌላ ስም ያስተምሩታል። በግእዝ ኅብር ማለት የቀለም መልክ ማለት ነው፤ በቅኔ ቤት ደግሞ ሰሙንና ወርቁን በአንድነት የሚሸከመው ቃል ኅብር ይባላል። ጀማሪ ተማሪ በየቃሉ ኅብር ሊያገባ ይደክማል፤ ቅኔውም ይጨልምበታል። የበሰለው ግን ቤቱን በተራ ቃል ሠርቶ አንዱን ኅብር በሚገባው ቦታ ያኖራል፤ ሰሚውም በዚያ በአንዱ ቃል ወርቁን ያገኛል።