ከምጣዱ መሃል

ሂሳብ የምወድ ተማሪ አልነበርኩም። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ፖላር ኮኦርዲኔት» ብለው የጻፉ ዕለት፣ በአግድምና በቁም መስመር የለመድኩት ዓለም የፈረሰ መሰለኝ። እስከዚያ ቀን አንድ ነጥብ የሚታወቀው ወደ ጎን ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ይህን ያህል ተብሎ ነበር። አሁን ሁለት አዳዲስ ነገሮች መጡ፤ ከማዕከሉ ያለው ርቀት «አር»፣ ከመነሻው መስመር የዞረው አንግል «ቴታ»። ማዕከሉን «ዋልታ» አሉት።

ሰፈራችንንም ምሳሌ አደረጉት። ቦሌ ሳይሠራ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር መነሻው እዚሁ ነበር። «ለአብራሪ» አሉን፣ «ሦስት መንገድ ወደ ቀኝ፣ ሁለት መንገድ ወደ ላይ አይባልም። በየት አቅጣጫ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ይባላል እንጂ።» ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልገባኝም፤ ፈተናውንም ወደቅኩ።

የገባኝ እናቴ ጓዳ ውስጥ ነው። እንጀራ ሲጋገር ያየህ አንባቢ ታውቀዋለህ፤ ሊጡ ከምጣዱ ዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው ስመለከት፣ የእማዬ እጅ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ከመሃሉ ያለው ርቀት በአንድ ልክ እንደሚቀንስ አስተዋልኩ። አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ያጠናው ጥምዝምዝ መስመር ይኸው ነበር! በአግድምና በቁም ሲጻፍ ራስ የሚያዞረው መስመር፣ ከመሃል ሲለካ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ሆነ፤ በዞርክ መጠን ትቀርባለህ። የምጣዱ ጠርዝማ ከዚያም ይቀላል፤ «አር» የማይለወጥበት ክብ ነው። መሃሉ ላይ ሲደረስ «አር» ዜሮ ይሆንና አንግሉ ትርጉም ያጣል። ዋልታው ላይ የቆመን ሰው በየት አቅጣጫ እንዳለ የሚጠይቀው የለም።

ከዓመታት በኋላ ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። እማዬ ጀሞ ገባች። በቦታው ኮንዶሚኒየም ቆመ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ በልደታ ማለፍ ጀመረ። ልጆች ሳለን ሱቁም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ የጓደኞቻችን ደጅም ይነገር የነበረው ከእኛ በር ተነሥቶ ነው። አንድ ከሰዓት ያንን በር ልፈልግ ሄጄ በሕንፃዎቹ መካከል ግራ ገባኝ። እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ጠፋብኝ» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለች። «ቤተ ክርስቲያኑ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«እንግዲያው ከበሩ ተነሥ። ጀርባህን ለበሩ ስጥና ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል በል፤ ከዚያ ሦስት መቶ እርምጃ። በእኔ እርምጃ ነው ታዲያ፣ ያንተ ረጅም ነው።»

መነሻው፣ አንግሉ፣ ርቀቱ… አንዱም አልጎደለም። እርምጃዬን በእርሷ ልክ አሳጥሬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መቁጠር ጀመርኩ። ቆጥሬ የጨረስኩት አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች።

«ደረስክ?» አለችኝ።

«ደረስኩ፣ እማዬ።»

ወዴት ዞሬ እንደቆምኩ አልጠየቀችኝም።