መጀመሪያ ውድድሩ ይኑር

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ያም ቢሆን ከ32 ዓመት በኋላ የተመለሰ ነው። በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ሲጨርሱ ጋዜጦች ድካማቸውን አጋነው ጻፉ፤ ርቀቱ ለሴት አካል አይሆንም ተባለና ተሰረዘ። 1,500 ሜትር የተፈቀደላቸው በ1972፣ ማራቶን በ1984፣ 10,000 ሜትር በ1988፣ 5,000 ሜትር ደግሞ በ1996 ነው።

ይህን የማነሳው እኛ አዳማ ያለን ሰዎች ስለ አርሲ ሴት ሯጮች የምናወራበት መንገድ ስለሚያሳስበኝ ነው። በአሰላ በኩል ወደ በቆጂ የሚወጣውን መንገድ ባነሳን ቁጥር «አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው፣ ገብሱና ወተቱ ነው» እንላለን። እውነት አለው። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግን ከፍታው በ1928ም እዚያው ነበር። ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው ያን ዳገት በየቀኑ የሚወጡ ሴቶችም ነበሩ። ያልነበረው ውድድሩ ነው።

የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን ስታሸንፍ፣ ርቀቱ ለሴቶች በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው በተካሄደበት የሴኡል ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም። ስለዚህ ሴቶቻችን በዚህ ርቀት ለመወዳደር ዕድል ባገኙበት የመጀመሪያ ኦሊምፒክ ወርቅ መጣ፤ ደራርቱም የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላዋ የበቆጂ ልጅ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶንን አሸነፈች። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ ሲሮጥ ያ አራተኛው ነበር። ደራርቱ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው 10,000 ሜትር እንደገና ወርቅ ወሰደች። «ለሴት አካል አይሆንም» ለተባለው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ይኸው ታሪክ በሌላ ስፖርት፣ በሌላ አገርም ተደግሟል። በአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1883 ነው። የኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ትልቁ ማኅበር ለሴቶች የራሳቸውን የቴኒስ ሻምፒዮና ያዘጋጀው በ1982፣ ማለትም ከ99 ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን የቡድን ዋንጫ ስታንፎርድ ወሰደ።

በመካከል ባሉት ዓመታት ጎበዝ ሴት ተጫዋች ጠፍታ አልነበረም። በ1958 የኮሌጅ ሴቶች አገር አቀፍ የቴኒስ ውድድር ሲጀመር ያሸነፈችው ዳርሊን ሃርድ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዊምብልደን ላይ ለፍጻሜ የደረሰች ተጫዋች ነበረች። ቢሊ ጂን ኪንግም ሎስ አንጀለስ ኮሌጅ ስትገባ የዊምብልደን የጥንድ ሻምፒዮን ነበረች፤ ሆኖም በዚያው ከተማ ለወንዶች ተጫዋቾች የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ለእሷ አልነበረም። እየሠራች ተማረች። ሁለቱም ችሎታውን ይዘው ነው ኮሌጅ የገቡት፤ የዘገየው ተቋሙ ነው።

ይህን የለወጠው ሕግ ነው። በ1972 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የትምህርት ተቋም በፆታ እንዳያዳላ አስገደደ፤ ስፖርትም በዚያው ተካተተ። በዚያን ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው ያቋቋሙት የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነበራቸው፤ ሻምፒዮናዎቻቸውን የሚያዘጋጁት ሴቶች ነበሩ። ትልቁ ማኅበር የሴቶቹን ውድድር ሲወስድ የእነሱ ማኅበር ፈረሰ። በ1972 ከሴቶች ቡድኖች ከ90 በመቶ በላይ የሚሠለጥኑት በሴት አሠልጣኞች ነበር፤ በኋላ ከግማሽ በታች ወረደ። ተጫዋቾቹ በዙ፣ ገንዘቡ ጨመረ፣ የሚወስኑት ሴቶች ግን ቀነሱ።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ውድድር መክፈት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ማን ይመራዋል የሚለው ደግሞ የሚያዘልቀው ነው። ደራርቱ በ2018 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ስትሆን ያስደሰተኝ ለዚህ ነው። የሮጠችበትን ቤት መምራት ሌላ ድል ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። አዳማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የመንግሥትና የግል ኮሌጆች አሉ፣ ከዝዋይ፣ ከሞጆ፣ ከመተሐራ፣ ከአሰላ የሚመጡ በርካታ ሴት ተማሪዎች አሉ። የአዳማ ከተማ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አጥቂዋን ሎዛ አበራን ያሰለፈ ቡድን ነው፤ ከዚህ ወጥታ ማልታ ሄዳ ተጫወተች። ለሴት እግር ኳስ ክለብ በመኖሩ አንዲት አጥቂ የት እንደምትደርስ አይተናል። ለኮሌጅ ሴቶችስ?

ብዙ ሴት ልጆች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ስፖርትንም አብረው ይጨርሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሜዳው የወንዶች ነው፤ ሰዓቱ የመሸ ነው፤ ወደ መኝታ ክፍል የሚመለሱበት መንገድ ጨለማ ነው። ከዚያ «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ፍላጎት ግን በባዶ ሜዳ አይለካም። ቀኑ የታወቀ ውድድር፣ የሚመች የልምምድ ሰዓት፣ መብራት ያለው ሜዳና አንዲት ሴት አሠልጣኝ ባሉበት ይለካል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የአዳማና የአካባቢዋ ኮሌጆች ሴቶች በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚገናኙበት ሻምፒዮና ይኑር፤ በሩጫ፣ በመረብ ኳስ፣ ሜዳው ባለበት በሜዳ ቴኒስም ይሁን። ለወንዶች የተመደበው ሰዓትና በጀት ለእነሱም ይመደብ። ውጤቱ በስምና በዓመት ይመዝገብ፣ ነገ ታሪኩን የሚጽፍ ሰው መነሻ እንዲያገኝ። አዘጋጆቹና አሠልጣኞቹ ውስጥ ሴቶች ይኑሩ። አሥር ዓመት እንዲህ ሳይቋረጥ ከሠራን በኋላ ተሰጥኦ ጠፋ የሚል ካለ፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እንከራከር።