ከሾላው ሥር

አርባ ምንጭን ከሴቻ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሐይቆቹ ላይ ነው። በግራ ደፍርሶ የቀላው ዓባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ። ለከተማይቱ ስሟን የሰጣት ግን ከገደሉ ሥር የተጋደመው ጥቁር አረንጓዴ ደን ነው፤ ምንጮቹ ያሉት እዚያ ነውና።

እኛ የወረድነው በበጋ ነው። የሲቀላ ሙቀት አናት ይበሳል፣ አቧራውም አይጣል ነው። የፓርኩን በር አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ግን፣ ኧረ የት ገባን! አየሩ ቀዘቀዘ፣ እግራችን በበሰበሰ ቅጠልና በጭቃ ይሰጥም ጀመር። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ይህ ደን ግን ዝናብ አይጠብቅም። ከተራራው የሰረገው ውሃ ከገደሉ ግርጌ እየፈለቀ ሥሩን ያጠጣዋል። ሦስት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንዱን ሾላ ለማቀፍ ሞከርን፤ አልደረስንም።

ከላይ ጉሬዛዎች አሉ። ነጭ ካባውን ደርቦ ቅጠል እያላመጠ ቁልቁል የሚያየን አንዱ ቁርጥ የፈተና ተቆጣጣሪ! ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ሲባል ሳቅን፤ በአራቱ ጣት ብቻ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር አይተን ዝም አልን። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ዳቧችንን ወሰዱና ምሳችን ሻይ ብቻ ሆነ።

ደኑ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። እንግዳ ሲመጣ የሜዳ አህያ ወዳለበት ሜዳ፣ ወይም በጀልባ ወደ ጫሞ አዞዎች ይወሰዳል፤ ደኑ መተላለፊያ ይሆናል። ይህ አላስደሰተንም። ሣር ቢጠወልግ ክረምት ይመልሰዋል፤ ሾላን ማን ይመልሰዋል?

ወደ ምንጮቹ ስንቃረብ ሴቶች መጡ፤ ጎንበስ ብለዋል፣ ጀርባቸው ላይ ከቁመታቸው የሚረዝም እንጨት። አንዲት እናት ሸክማቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው አረፉ።

«እማማ፣ ዘበኛው አይከለክልዎትም?» አልናቸው።

«ይከለክላል እንጂ! ሲይዘን ይነጥቀናል፣ ሳይዘን ሲቀር እንሸጣለን።»

«ለማን?»

«ለከተማው ነዋ ልጆቼ። እንጀራችሁ በምን ይጋገራል?»

አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ የከተማው ቧንቧ የሚቀዳው ከነዚሁ ምንጮች ነው። በአንድ ጓዳ ውስጥ እንስራው ከምንጩ ይሞላል፣ ምድጃው ምንጩን ያጠለለውን ዛፍ ያነዳል። እዚያው ተሟገትን። አንዳችን ዘበኛ ይጨመር አለ፤ ሌላው ዘበኛ ሸክም ይነጥቃል እንጂ ገዢን አያስቀር፣ መጀመሪያ ሌላ ማገዶና ሌላ እንጀራ ይገኝ አለ። አብዛኞቻችን ወደ ሁለተኛው አዘነበልን፤ ሆኖም ዛፉ ያን ቀን እስኪደርስ ይቆይ እንደሆነ ማንም ሊመልስ አልቻለም።

እናትዮዋ ክርክራችን ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «ይልቅ አንሱልኝ» አሉን። በአንድ ወገን የያዘው ያ ዘበኛ ይጨመር ባዩ ጓደኛችን ነበር። ከበደን፤ ግማሹ እንጨት እርጥብ ነበር።