ሳይጋገር የሚሠራ የብስኩትና የቸኮላት ጣፋጭ

ቤትን ቤት ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ፥ ከሕፃን እስከ አረጋዊ እያንዳንዱ ሰው የሥራ ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። ሕፃኑ ውሃ ያቀብላል፤ ልጅቱ ሽንኩርት ትልጣለች፤ አያት ደግሞ የሁሉን ሥራ ይመለከታሉ፥ ያርማሉ፥ ይመርቃሉ። ከዚህ ድርሻ የተገለለ ሰው ምግቡ ቢሟላለት፥ ልብሱም ቢታጠብለት፥ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ይሆናል። ይህን ያስተማሩኝ የባለቤቴ እናት ናቸው።

እኒህ እናት በሙያቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ለዐውደ ዓመት ድፎ ዳቦ ሲደፉ ጎረቤቱ ሁሉ በመዓዛው ያውቅ ነበር። የዓይናቸው ብርሃን ከደከመ ወዲህ ግን እሳቱ የሚያሰጋ ሆነና ከምድጃ ራቁ። የልጅ ልጆቻቸውም ከፍቅር የተነሣ «እማማ፥ እርስዎ ዐርፈው ይቀመጡ» ማለትን አዘወተሩ። እርሳቸውም ይቀመጣሉ። ነገር ግን ባለሙያ እጅ ሥራ ሲያጣ ምን ያህል እንደሚከብደው፥ የነጠላቸውን ጥለት ሲያፍተለትሉ እየተመለከትሁ ተረዳሁ።

በቤታችን ፉርኖ ስለሌለ፥ ለልጆች እሑድ እሑድ የማዘጋጀው ጣፋጭ ሳይጋገር የሚሠራው የብስኩትና የቸኮላት ጣፋጭ ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ሙቀትና ብዙ የእጅ ሥራ ነውና፥ የእጁን ሥራ ለእማማ ለመስጠት አሰብሁ።

ይህ ጣፋጭ የድኻ ምግብ ብቻ አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ማሪ የተባለው ክብ ብስኩት በ1874 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን ፒክ ፍሪን በተባለ ፋብሪካ የተሠራ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው የሩስያው ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ አሌክሳንደር ልጅ ማርያ የእንግሊዝን ንጉሣዊ መስፍን ባገባች ጊዜ ነው። በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ልዑል ዊሊያም ሲያገባም፥ ከትልቁ የሠርግ ኬክ ሌላ፥ በሕፃንነቱ ይወደው የነበረው ያልተጋገረ የብስኩትና የቸኮላት ኬክ ለእንግዶቹ ቀርቧል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 250 ግራም ማሪ ብስኩት ይሰባበራል። 125 ግራም ያልተነጠረ የገበታ ቅቤ፥ 200 ግራም በጣሳ የሚሸጥ ስኳር የገባበት ወፍራም ወተትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት በአንድ ድስት ሆነው በለዘብተኛ እሳት ይማስላሉ። ቅቤው ቀልጦ ሁሉም ሲዋሐድ ይወጣል፤ እንዲፈላ አያስፈልግም። ከብስኩቱ ጋር ከተለወሰ በኋላ፥ በሰም ወረቀት በተሸፈነና በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ተደርጎ በማንኪያ ጀርባ አጥብቆ መጫን ነው። ያልተጫነ እንደ ሆነ ሲቈረጥ ይፈራርሳል።

ለላዩ 150 ግራም ቸኮላትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ በጎድጓዳ ሣህን ሆነው በፍል ውሃ እንፋሎት ላይ ይቀልጣሉ። የውሃ ጠብታ እንዳይነካው መጠንቀቅ ይገባል፤ ጥቂት ውሃ የገባበት ቸኮላት ወዲያው ይጓጉላልና። ይህ ከፈሰሰበት በኋላ ትሪው ሦስት ሰዓት ያህል በማቀዝቀዣ ይቈያል። ብስኩቱን አያይዞ የሚያቆመው እሳት ሳይሆን ብርድ ነው፤ ቅቤውም በቸኮላቱ ውስጥ ያለው የካካዎ ስብም ሲቀዘቅዙ ይጠነክራሉ። በሙቅ ውሃ ተነክሮ በተወለወለ ቢላዋ አምስት በአምስት ቢቈረጥ 25 ቁራጭ ይወጣዋል።

ቅቤና ወተት ያለበት የፍስክ ምግብ ስለ ሆነ በጾም ቀን አይቀርብም። በጾም ለመሥራት የፈለገ ሰው በቅቤው ፈንታ የኮኮናት ዘይት፥ በወተቱ ፈንታ በጥቂት ሙቅ ውሃ የሟሟ ስኳር ያግባ። የኑግና የሱፍ ዘይት ግን በማቀዝቀዣ ስለማይረጋ አያያይዘውም። ብስኩቱና ቸኮላቱ ወተት እንደሌለባቸውም በመጠቅለያው ላይ ማንበብ ይገባል።

እማማ ብስኩቱን በጉልበታቸው ላይ ባለ ሣህን መስበር በጀመሩ ጊዜ፥ እኔ የማላውቀውን ዕውቀት አገኘሁባቸው። እያንዳንዱን ሲሰብሩ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ «ይህ ነፋስ ገብቶበታል፥ ለብቻው አኑሪው» ይላሉ። በእርግጥም የለየሁት ሁሉ የለሰለሰ ሆኖ ተገኘ። የስባሪውንም መጠን በጣታቸው እየለኩ፥ ዱቄት ከሆነ ጥርስ የሚያገኘው ነገር እንደሌለ፥ ትልቅ ከሆነም እንደማይያያዝ ለልጄ አስረዷት። ልጅቱ «እማማ፥ ሳያዩ እንዴት ዐወቁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፥ የደከመው ዓይኔ ነው፤ እጄ መቼ ታወረ!» አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እማማ ትእዛዝ ብስኩት አይሰበርም። ቁራጩን ለየልጁ የሚያድሉትም እርሳቸው ናቸው፤ ለጎረቤት ልጆች የሚደርሰውን አስቀድመው ይለያሉ። ነጠላቸውን የሚያፍተለትሉበት ጊዜ ጥቂት ሆኗል።

እንግዲህ፥ እናቶችና እኅቶች ሆይ፥ በየቤታችን ጉልበት ወይም ዓይን የደከመባቸው ወላጆች አሉን። እነርሱን ከእሳት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ከሥራ ሁሉ መለየት ግን ከእሳት መጠበቅ አይደለም። እሸት ባቄላ መፈልፈል፥ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፥ ብስኩት መሰባበር ዓይንን ሳይሆን የለመደ እጅን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሣህኑን ወደ ጉልበታቸው እናቅርብላቸው፤ ምክራቸውንም ሥራው ራሱ ያመጣልናል።