ፈጥኖ ደራሽ

የአሰብ ሾፌር ልጅ መሆን በእኛ ጊዜ በኮልፌ ልጆች ዘንድ እንደ ሹመት ነበር። አባባ ቦቴውን አቁሞ ወደ ሰፈር ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። አንድ ጊዜ ሸራ ጫማ፣ አንድ ጊዜ ትንሽ ሬዲዮ፣ ሌላ ጊዜ ለእማዬ ሽቶ ይዞ ይመጣል። በ1974 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ግን በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ሱሪው ላይ ነጭ እድፍ ካርታ ሠርቷል። ጆንያውን መሬት ሲያስነካው ከውስጡ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ወጣና ታናሽ እህቴ እባብ መስሏት ወደ ጓዳ ሮጠች።

ኤሊ ነበር። ቅርፊቱ እንደ አክንባሎ ጉብ ያለ፣ ቢጫማ መልኩ ላይ ጥቁር ቀለም የተረጨበት የሚመስል የቆላ ኤሊ። አባባ ከአሰብ ሲመለስ፣ መተሐራ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አስፋልቱ መሐል ነው ያገኘው። ረዳቱ "ድንጋይ ነው፣ ወደ ግራ ያዝ" ብሎት ነበር። ድንጋዩ ተራመደ። አባባ ወርዶ ወደ ጋቢና ሲያነሳው ኤሊው በፊኛው ያጠራቀመውን ውኃ ሁሉ ሱሪው ላይ ለቀቀበት። ይህ ለቆላ ኤሊ የድርቅ ቀን ስንቁ መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቤተሰቡ በሙሉ በአባባ ሱሪ ሳቀ። "ሽሽሽ" የሚለውም ድምፅ አንገቱን ሲሰበስብ ከሳንባው የሚወጣ አየር ነው። አባባ የራሱ ትርጉም ነበረው። "ምንም አይደል፣ የንፋስ ፍሬኑን ነው የያዘው" አለን።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ያለበት፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱበት ሰፈር ነው። ጎረቤታችን የነበሩት ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ከዚያው ከፈጥኖ ደራሽ የወጡ ናቸው። ኤሊው ከበሩ እስከ ውኃ ቧንቧው ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ቁጭ ብለው ካዩ በኋላ "ይኼማ የእኛ ጦር ነው" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈጥኖ ደራሽ ተባለ።

እኛ ልጆቹ የአባባን መንገድ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እንወጣው ነበር፤ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ዶቢ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። ፈጥኖ ደራሽ ከመጣ በኋላ እህቴ ኤሊዳር ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች። ኤሊዎች ሁሉ የሚኖሩበት አገር ኤሊዳር ነው ብላ ነበር የምታምነው፤ ስሙ ራሱ ይናገር የለ? እኔም አላረምኳትም።

አያታችን፣ እማማ፣ ኤሊውን አልወደዱትም። በኦሪት ርኩስ ከተባሉት ነው፤ ስለዚህ ወደ ማድ ቤት ከተጠጋ በመጥረጊያ ዘንግ ይመልሱታል። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ልባቸውን አለዘበው። ፈጥኖ ደራሽ የሚበላው ሣር፣ የጎመን ቅጠልና የአጥሩን የበለስ ቁልቋል ነው፤ ሥጋ ቢጥሉለት ዞር ብሎ አያይም። "ይኼስ ከእናንተ ይሻላል፣ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው" ይሉን ጀመር። የጎመን ግንድ ከጉልቻው ጀርባ እያስቀመጡ በድብቅ ያበሉታል። እስከዚያች የሁዳዴ ቀን ድረስ። እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፈጥኖ ደራሽ አጥሩ ሥር ውሻ የጣለው አሮጌ አጥንት ላይ ተጎንብሶ ሲፍቅ ያዙት። የቆላ ኤሊ ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከአጥንት እየፋቀ እንደሚያገኝ ማን ይንገራቸው! "ገደፈ! በሁዳዴ ገደፈ!" እያሉ ቤቱን አናወጡት። ሳምንት አኮረፉት። የእማማን ኩርፊያ ለሚያውቅ ሰው ሳምንት ትንሽ ነው፤ ከአክስቴ ጋር ሦስት ዓመት ተኮራርፈዋል።

ሰባት ዓመት "እሱ" ስንለው ከረምን። በ1981 ዓ.ም. ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ኮክ ዛፉ ሥር በኋላ እግሮቹ ጉድጓድ ሲቆፍር አየነው። አፈሩን በሽንቱ እያራሰ፣ አንዱን እግር አሳርፎ በሌላው እየዛቀ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሠራ። ከዚያ የፒንግፖንግ ኳስ የሚመስሉ ነጫጭ እንቁላሎች አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። አሥራ አንድ ቆጠርን። ፈጥኖ ደራሽ ሴት ነበረች። ሃምሳ አለቃው "ሴትም እኮ በፖሊስነት ታገለግላለች" ብለው ነገሩን አቀለሉት፤ አባባ ግን እስኪሞት ድረስ "እሱ" ማለቱን አልተወም። እንቁላሎቹ አልተፈለፈሉም። ወንድ አልነበረም፤ ቢኖርም ኮልፌ ከመተሐራ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። እህቴ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ኮክ ዛፉ ሥር ውኃ እንዳይፈስ ጠበቀች።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጓደኞቹ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ መስመር አዞሩ። አባባ አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረና ዓይኑም ደክሞ ስለነበር ቤት ዋለ። ወደ 880 ኪሎ ሜትር መንገድ ከነጉድጓዱ የሚያውቅ ሰው በድንገት ከበር እስከ ቧንቧ ቀረ። ያኔ ነው ሁለቱ የተዋወቁት ማለት ይቻላል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሣር ከተሞላው የጣውላ ሳጥኗ አውጥቶ ግድግዳው ጋ ያስቀምጣታል፤ እሱም ዱካውን አምጥቶ ጎኗ ይቀመጣል። ሲሞቃት መንቀሳቀስ ትጀምራለች። አጥሩን ይዛ ትዞራለች፣ ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ግንቡን በጭንቅላቷ ትገፋለች፣ ትመለሳለች። በየቀኑ። "ምን ፈልጋ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። "አሰብ መንገድን ነዋ!" አለኝ። ቀልዱን የለመድኩት ስለሆነ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ቀልድ አልነበረም።

ማታ ማታ ግቢ የሚገባ መኪና እንዳይረግጣት ከቦቴው የተረፈ ቀይ አንጸባራቂ በማስቲሽ ቅርፊቷ ላይ ለጥፎላት ነበር። መብራት ሲያርፍበት በጨለማው ውስጥ ቀይ ዓይን ቀስ እያለ ሲሄድ ይታያል፤ የማያውቅ እንግዳ ያማትባል። የቴዎድሮስ ፈረስ ታጠቅ ነበርና አባ ታጠቅ ተባሉ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው። አባቴን ደግሞ ሰፈሩ በኤሊው ጠራው። "አባ ፈጥኖ" ሲሉት አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ድንኳኑ የተተከለው ግቢው ውስጥ ስለነበር ፈጥኖ ደራሽ መሄጃ አጣች። በሁለተኛው ቀን፣ ለቅሶው በረድ ባለበት ሰዓት፣ ከአግዳሚዎቹ ሥር ገብታ ጉዞዋን ጀመረች። ለቀስተኛው በየተራ እግሩን ያነሳል፣ ታልፋለች፣ ይመልሳል። ማንም አላባረራትም። አንድ የድሮ የአሰብ ሾፌር "አባ ፈጥኖ! ጭነትህን ለማን ትተህ?" ብሎ ሲጮህ ጋብ ያለው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ፀሐይ የሚያስሞቃት እማዬ ሆነች። በ2009 ዓ.ም. ክረምት አፍንጫዋ ያዥ ጀመር፣ ምግብ ተወች። የጠራነው ሐኪም የሚያውቀው ላምና ውሻ ነበር፤ አልወቅሰውም፣ መጥቷልና። ኤሊ መሞቱን ማወቅ ከባድ ነው። በብርድ ጊዜም እንዲሁ ዝም ትላለች። ሦስት ቀን ጠበቅናት። በሦስተኛው ቀን እግሯን ስነካው አልሰበሰበችውም፤ ያ የፍሬን ድምፅ አልመጣም።

አንድ ሰው በደላላ በኩል መጥቶ ቅርፊቷን ልግዛ አለ፤ ለሳሎን ጌጥ። ባዶ ቤት መስሎት ነው። የኤሊ ቅርፊት ከጀርባ አጥንቷና ከጎድኗ ጋር አንድ ሆኖ ያደገ ነው፤ ሳይቆርጡ አይለዩትም። እማዬ ይህን አላነበበችም፤ "የገዛ አካሏን ይዛ ትሂድ" ብላ መለሰችው።

ለኤሊ ዕድር የለም፣ ጥሩንባ አይነፋም፣ ንፍሮ አይቀቀልም። ለእንስሳ ማልቀስ በእኛ ዘንድ ያሳፍራል፤ ገበሬ እንኳ ለበሬው ሲያለቅስ በግጥም አድርጎ ነው። ኮክ ዛፉ ሥር፣ እንቁላሎቿን የቀበረችበት አጠገብ ቆፈርኩ። ቀና ስል እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቆማለች። እኔም አልጠየቅሁም፣ እሷም ምክንያቱን አልተናገረችም። አፈሩ ላይ ድንጋይ አስቀመጥንና አንጸባራቂውን በሲሚንቶ አጣበቅንበት።

ግቢው ዛሬ የለም። ቤቱ ሲፈርስ ኮክ ዛፉም ሄደ። አንጸባራቂውን ግን ከድንጋዩ በመሮ አላቅቄ ወስጄዋለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ፣ ከመሪው ጎን ነው ያለው። አባባ ያደረገው ከፍቅር ነው፤ ቢሆንም ከቦታዋ ነቅሏታል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያንን ግንብ በጭንቅላቷ ስትገፋ አይቻለሁ። ስለዚህ በመተሐራና በአዋሽ መስመር የምትነዱ፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ሲራመድ ካያችሁ ከኋላ የሚመጣ አለመኖሩን አረጋግጣችሁ ቁሙ። በሁለት እጅ ያዟት፣ ከመሬት ብዙ አታንሷት፣ ውኃዋን እንዳትደፋ። ፊቷን ወዳዞረችበት በኩል አሻግሯትና ጉዟችሁን ቀጥሉ። ወደ ቤት ይዛችኋት አትምጡ።