ዛሬ ተራው የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር የተሰረቀበት ሰው ማልቀሻ ቦታ የለውም። መኪና ቢሰረቅ ሰው ከንፈሩን ይመጥላችኋል፤ ስልክ ቢነጠቅ «እኔም እኮ ባለፈው...» የሚል ቢያንስ ሦስት ሰው ታገኛላችሁ። እኛ «ሞተራችን ተሰረቀች» ስንል ያገኘነው መልስ ግን «ሞተርም ይሰረቃል እንዴ? እኛ የምናውቀው ሲሰርቅ ነው» የሚል ነበር።

አይፈረድባቸውም። በዚህች ከተማ የሞተር ስም ከጠፋ ቆይቷል። በሞተር እየመጡ ቦርሳና ስልክ ነጥቀው የሚሰወሩት በዝተው፣ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ማገዱን ሳታስታውሱ አትቀሩም። እኛ በኋላ ፈቃድ አውጥተው ከሚሠሩት ወገን ነን። ፈቃድ ግን ከሐሜትም ከሌባም አያድንም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ኮንዶሚኒየም ተከራይተን አብረን እንኖራለን፤ ጠባብ ሱቅ ተከራይተን አብረን እንሠራለን። ሥራችን የጥሪ ካርድና ባነር እያሳተሙ ለደንበኛ ማድረስ ነው። ሞተሯን የገዛናት በዕቁብ ነው። ዕጣው የወጣልን ቀን ሦስታችንም እንደ ሙሽራ ስንስቅ ዋልን፤ ሊብሬዋ ላይ የአንዳችን ስም ቢጻፍም ሞተሯ የሦስታችንም ናት ተባባልን። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የሦስት ሰው ሞተር ለመንዳት ሦስት ባለቤት አላት፤ ቤንዚን ለመሙላትና ለመቆለፍ ግን አንድም የላትም።

ሌሊቱ የሐምሌ ሌሊት ነበር። ዝናቡ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን የሚደፋ ነበር የሚመስለው። ጠዋት ወደ ሥራ ልንሄድ ስንወርድ ደረጃው ሥር፣ ሞተሯ በምትቆምበት ቦታ፣ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርታለች። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያየን። ቀጥሎም ሦስታችንም እኩል «አንተ አይደለህም እንዴ የቆለፍካት?» አልን።

መሪዋ ተቆልፎ ነበር፤ ሌላ ነገር ግን የለም። የመሪ ቁልፍ ማለት ደግሞ ትንሽ የብረት ዘንግ ናት፤ ጉልበት ያለው ሰው መሪውን ሲጠመዝዘው ትሰበራለች። መስበርም የግድ አይደለም። እንደኛዋ ያለች ባለ 150 ሲሲ ሞተር ክብደቷ አንድ ኩንታል ተኩል አይሞላም። አንድ ሰው ብቻውን ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ደረጃ በሚወጣበት ከተማ፣ ሦስት ሰው እሷን አንሥቶ ፒክአፕ ላይ ለመጫን ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

«ሰንሰለትና ጓጉንቸር አልነበራችሁም?» ትሉ ይሆናል። ነበረን! ከኋላ ባለው የዕቃ ሳጥኗ ውስጥ ነበሩ፤ ከሞተሯ ጋር አብረው ተሰረቁ። ሊብሬዋም እዚያው ነበረች። «ጂፒኤስስ?» እሱም ነበረን። ግን ጂፒኤሱ ያለችበትን የሚነግረን በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ነው፤ ሲም ካርዱ ደግሞ ሒሳብ ይፈልጋል። ሦስታችንም ሌላው የሞላ መስሎን ሒሳቡ ካለቀ ሁለት ወር አልፎት ነበር። «ኢንሹራንስስ?» የነበረን ሕጉ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው። እሱ በሞተራችን ሌላ ሰው ብንጎዳ ነው እንጂ ሞተራችን ብትሰረቅ አይከፍልም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። «የምትጠረጥሩት ሰው አለ?» ተባልን። በዚያች ጠዋት ሦስታችንም ሳንነጋገር የተስማማንበት ብቸኛ ነገር መልሱ ነበር፤ «ጥበቃው» አልን።

ለምን እሱ? እንዲያው ለነገሩ ሲታሰብ ማስረጃ አልነበረንም። ሌሊት ነቅቶ የሚያድር እሱ ነው፤ ድሃ ነው፤ ስሙንም በወጉ አናውቀውም። ይኼው ነው ምክንያታችን። በዕድሜ አባታችን የሚሆን ሰው ካፖርቱ እንደረጠበ ተወስዶ አንድ ሌሊት ጣቢያ አደረ።

በማግስቱ ከብሎካችን ጀርባ ያለ ባለሱቅ የካሜራውን ቪዲዮ አሳየን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ሦስት ሰዎች አጥር በሌለው በኩል ገብተው፣ ሞተሯን እንደ ሶፋ አንሥተው ይጭናሉ። ፊታቸው አይታይም፤ ታርጋው አይነበብም። ጥበቃውስ የት ነበር? አራተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤታችን ነገረችን። በዚያው ሰዓት ትኩሳት የያዘው ልጇን አቅፋ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ በዝናብ አስፋልት ድረስ ወጥቶ ታክሲ ያስቆመላት እሱ ነበር። ይህንን ለፖሊስ ለመንገር እሷም ሄደች፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን ተከተልናት።

ሲወጣ ይቅርታ ልንጠይቀው ጀመርን። አላስጨረሰንም።

«እናንተ ልጆች፣» አለን፣ «ሞተሩን አንድ ቀን አደራ ብላችሁኝ ታውቃላችሁ?»

አናውቅም። አደራ ማለት ቀርቶ እንደምን አደርክም ብለነው የምናውቅ አይመስለንም። ይባስ ብሎ የጥበቃ መዋጮ ከከፈልን አራት ወር ሆኖን ነበር። (አዎ፣ ሦስታችንም ሌላው የከፈለ መስሎን።)

ሞተሯ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ብዙ ቆይተን፣ ብዙ ተበድረን፣ አንድ አሮጌ ሞተር ገዛን። የሚከተለውን የምንጽፈው በኪሳራ የተማርነውን እናንተ በነጻ እንድትወስዱት ነው።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያደረግነው ግንበኛ መጥራት ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴውን አስፈቅደን፣ ወፍራም ፌሮ እንደ ፈረስ ኮቴ አጥፈን በሲሚንቶ ወለሉ ላይ ቀበርነው። ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ያልታሰረ ሞተር፣ የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ ከነቁልፉ የሚጫን ዕቃ ነው። ሰንሰለቱ የሚያልፈው በሻንሲዋና በኋላ ጎማዋ በኩል ነው፤ የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ ሌባው ጎማውን ትቶላችሁ ሌላውን ይወስዳል። ሰንሰለቱን መሬት ላይ አታስተኙት፤ መሬት ለመዶሻና ለብረት መቀስ ጥሩ መደገፊያ ይሆናል። ወጠር አድርጋችሁ ከፍ ብሎ ይታሰር። ላዩዋን ሸራ አልብሷት፤ ሌባ ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነች ለማየት ሸራውን መግለጥ ይኖርበታል። በግራይንደር የማይቆረጥ ሰንሰለት የለም፤ ግራይንደር ግን ሰፈር ይቀሰቅሳል። የቁልፍ ሥራ ሌባውን ማስቀረት አይደለም፤ ማዘግየትና ማስጮህ ነው።

ሥራ ቦታ ሌላ ነው። ቤት የሚያሰጋው ሌሊቱ ነው፤ ሥራ ቦታ ግን የሰዉ ብዛት ነው። በቀትር ሞተር እየገፋ የሚሄድ ሰው ለሚያየው ሁሉ ባለቤት ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ለአምስት ደቂቃ ዕቃ አድርሶ ለመመለስ እንኳ ቁልፉን ሰክተን አንወርድም። ፍሬን ዲስኩ ላይ የምትገባ ባለ አላርም ቁልፍ ገዝተናል፤ ሲነኳት ትጮኻለች። (ከመሪው ጋር በቀይ ገመድ እሰሯት፤ ረስታችሁ ከነቁልፏ ከተነሣችሁ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። እንዴት እንዳወቅን አትጠይቁን።) ባትሪው ወደ ሞተሩ የሚልከውን መስመር የሚያቋርጥ ስውር ማብሪያ ማጥፊያም አስገጥመናል፤ የት እንዳለ ለመካኒኩና ለእኛ ብቻ ይታወቃል። የምናቆማት ሰው በማያይበት ጥግ ሳይሆን ቡና ከምታፈላው እኅታችን ፊት ለፊት ነው። ቡና እንጠጣለን፣ ቲፕ እንተዋለን፣ «አደራ» እንላለን። ፓርኪንግ ቤቱማ በካርኒው ጀርባ «ለንብረትዎ ኃላፊነት አንወስድም» ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል።

ሊብሬ ከሞተር ጋር አይውልም አያድርም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ሦስታችንም ስልካችን ላይ በፎቶ ይዘናል፤ ፖሊስ መጀመሪያ የጠየቀን እሱን ነበርና። ግድግዳችን ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል። የሰንሰለት ተረኛ፣ የጂፒኤስ ካርድ ተረኛ፣ የጥበቃ መዋጮ ተረኛ ከነቀኑ ተጽፎበታል። ከገዛነው ቁልፍ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ወረቀት ነው ብንል አንዋሽም።

ጥበቃውስ? አሁንም እዚያው ነው። አሁን «ጋሼ» እንለዋለን፤ ስሙንም ከነአባቱ እናውቃለን። ማታ ማታ ስንገባ «አደራ ጋሼ» እንላለን፤ «እግዜር ይጠብቅ» ይለናል። ያቺን የጣቢያ ሌሊት አንድም ቀን አንሥቶብን አያውቅም። ቢያነሣብን ይቀለን ነበር።

ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት አልፎ በራችን ተንኳኳ። ደንግጠን ሦስታችንም እኩል ተነሣን። ከፈትን። ጋሼ ባትሪውን ይዞ፣ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ እያለከለከ ቆሟል።

«ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወድቋል፣» አለን። «ዛሬ ተራው የማን ነው?»

ተያየን። ከዚያም አንዳችን ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ከጋሼ ኋላ ደረጃውን ወረደ።