ደረቅ ወንዝ አይታመንም

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ውሃ የሌለበት ድልድይ አያስደንቀውም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ይሻገርበታል፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል።

ስለዚህ ሰውየው ስፔን፣ ቫሌንሲያ ከተማ፣ ከሴራኖስ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ አልገረመውም። ከሥሩ ዛፍ፣ ሣር፣ ብስክሌትና የሚሮጥ ሰው አለ። ውሃ የለም። «ይሄማ ደቻቱ ነው» አለ ለራሱ። «አረንጓዴ የለበሰ ደቻቱ።»

የሚኖረው ጀርመን ነው። የመጣው እሁድ በሚካሄደው ማራቶን የአገሩን ልጆች ሊያበረታታ ነበር። ሐሙስ ምንም ሥራ ስላልነበረው አስጎብኚ ሳይቀጥር፣ የስልኩን ካርታ ይዞ ከተማዋን በእግሩ ሊዞር ወጣ።

መነሻው የሴራኖስ ግንቦች ናቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የከተማ በር ሆነው ተሠሩ፤ በኋላ ለ300 ዓመት ያህል እስር ቤት ሆኑ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ማድሪድ በቦምብ ስትደበደብ ደግሞ ከፕራዶ ሙዚየም የሸሹ ሥዕሎች እዚህ ተጠልለዋል። ሰው የሚታሰርበት ግንብ ሥዕል አተረፈ።

ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ ገባ። ላ ሎንሃ የሚባለው የሐር ነጋዴዎች አዳራሽ ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1482 ነው። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በላቲን የተጻፈ ምክር አለ፤ ሐሳቡ ባጭሩ ነጋዴ ካላጭበረበረና አራጣ ካልበላ በዚህም ዓለም ይከብራል፣ በወዲያኛውም ይጸድቃል የሚል ነው። ሰውየው አንገቱን አቅንቶ ሲያየው መርካቶ ትዝ አለውና ፈገግ አለ።

እኩለ ቀን ላይ ካቴድራሉ በር ደረሰ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ደወሉ 12 ጊዜ ሲመታ፣ ጥቁር ካባ የለበሱ ስምንት ገበሬዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የውሃ ችሎት ይባላል። በመስኖ ቦዮቹ ተጠቃሚዎች የተመረጡ ዳኞች ናቸው። ክርክሩ በቃል ነው፤ ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሌላው ቱሪስት ፎቶ ሲያነሳ ሰውየው ግን የአገሩን የውሃ አባት አሰበ። ተራ የሚያወጣው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ማኅተም ሳይኖረው ቃሉ የሚከበረው ሽማግሌ። አንዱ አገር እንዲህ ያለውን ሰው ካቴድራል በር ላይ አስቀምጦ ለዓለም ያሳያል፤ ሌላው ፕሮጀክት ይዞ ሲመጣ ስሙን እንኳ አይጠይቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወረደ። የቱሪያ ወንዝ ታሪክ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1957 ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀና ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። የፍራንኮ መንግሥት ወንዙን ከከተማ ለማውጣት ወሰነ። በደቡብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አዲስ መውረጃ ተቆፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመረቀ። ለወጪው መዋጮ እንዲሆን ከቫሌንሲያ በሚላክ ደብዳቤ ላይ ለዓመታት ተጨማሪ ቴምብር ይለጠፍ ነበር።

ባዶ የቀረውን መሬት ባለሥልጣናቱ አውራ ጎዳና ሊያደርጉት አሰቡ። ነዋሪው እምቢ አለ። የወንዙ መሬት የእኛ ነው፣ አረንጓዴ እንዲሆን እንፈልጋለን ብሎ ተነሳ። መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ለከተማዋ ተሰጠ፤ በ1980ዎቹ ውስጥም መናፈሻው ክፍል በክፍል ይከፈት ጀመር። ዛሬ ድንጋይ ድልድዮች ሥር ለሥር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። መሬት ላይ የተኛ ግዙፍ ጉሊቨር አለበት፤ ልጆች በእጁና በፀጉሩ ላይ እየተንሸራተቱ ይንጫጫሉ። መግቢያ የሚከፍል የለም።

የመናፈሻው ጉዞ የሚያልቀው በካላትራቫ ነጫጭ ሕንፃዎች ነው። የጥበባትና የሳይንስ ከተማ ይሉታል። ወጪው ከታሰበው ብዙ እጥፍ ስለጨመረ ዛሬም ያከራክራል። ለኢትዮጵያዊ ግን ቦታው ሌላ ትርጉም አለው። የማራቶኑ መጨረሻ እዚህ፣ ውሃ ላይ በተዘረጋ ሰማያዊ መድረክ ላይ ነው። ሲሳይ ለማ እ.ኤ.አ. በ2023 በ2:01:48 የገባው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ደግሞ ዮሚፍ ቀጀልቻ በዚህችው ከተማ ግማሽ ማራቶንን በ57:30 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጎርፍ መጣ።

ሰውየው ያንን ያውቅ ስለነበር የካርታውን የቱሪስት መስመር ትቶ ወደ ደቡብ አቀና። እዚያ አዲሱ መውረጃ አለ፤ ከወዲያ ማዶ ላ ቶሬ የሚባል ሰፈር አለ፤ በመካከል የእግረኛ ድልድይ። ኦክቶበር 29 ቀን አዲሱ መውረጃ የከተማዋን መሐል አዳነ። ፖዮ የተባለው ሸለቆ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ የሆነው፣ በደቡብ ያሉትን እነ ፓይፖርታንና ካታሮሃን አጥለቀለቀ። ፓይፖርታ ላይ ዝናቡ ይህን ያህል አልነበረም፤ ውሃው የመጣው ከላይ ነው። በቫሌንሲያ ክልል ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ጠዋት ነበር። የክልሉ መንግሥት ማስጠንቀቂያ በነዋሪው ስልክ ላይ የጮኸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነው፤ ያኔ ብዙዎች ውሃ ውስጥ ነበሩ። የክልሉ ፕሬዚዳንት ካርሎስ ማሶን ከአንድ ዓመት የጎዳና ተቃውሞ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ከጎርፉ በኋላ በነበሩት ቀናት በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ተሸክመው በዚያች የእግረኛ ድልድይ ተሻገሩ። ሕዝቡ የትብብር ድልድይ ብሎ ሰየማት።

ሰውየው ድልድዩ መሐል ሲደርስ ቆመ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ያን ሌሊት ደቻቱ ከደጋው የወረደውን ውሃ ይዞ መጣ፤ ሰው በተኛበት ከ250 በላይ ነፍስ ጠፋ። እናቱ ቡና የሚጠጡባት ጎረቤታቸው ከነሁለት ልጆቿ ሄደች። ማንም ስልክ አልደወለ፣ ማንም ደወል አልመታ። ጠዋት ላይ ውሃው ጎድሎ አሸዋው እንደገና ታየ።

አውሮፓም ሀብታም ሆኖ፣ ሳተላይት ኖሮት፣ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ስልክ እያለ ያው ሆነ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቫሌንሲያ ውስጥ «በስንት ሰዓት አወቃችሁ? በስንት ሰዓት ነገራችሁን?» የሚለው ጥያቄ አደባባይ ወጣ፣ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ባለሥልጣን አስወረደ። ሙታኑን አይመልስም። የሚቀጥለው ሹም ግን ማስጠንቀቂያ ይዞ እንዳያመሽ ያደርገዋል።

ዛሬ አዲስ አበባን ጨምሮ ከተሞቻችን የወንዝ ዳርቻ እያለሙ ነው። ማማሩ ጥሩ ነው፤ የቱሪያ መናፈሻም ያምራል። ነገር ግን ወንዝ ዳር የሚቆም ሹም ሦስት ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል። ውሃው ከዚህ ከወጣ ወዴት ይሄዳል? እዚያ የሚኖረው ማነው? ሌሊት ቢመጣ በስንት ደቂቃ ይነገረዋል? ለከተማ መሐል የተሠራ ግንብ ለዳር ሰፈር ዋስትና አይሆንም።

ማታ እናቱ ጋ ደወለ።

«እማዬ፣ ደቻቱ እንዴት ነው?»

«ምን ይሆናል ልጄ? አሸዋ ነው እንጂ።»

«ክረምት ሲገባ እህቴ ጋ ከፍ በሉ እሺ?»

ትንሽ ዝም አሉ። «እሺ» አሉ እናቱ። «እሷም ትጥራ እንጂ።»